ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ድረስ

የቤታችን ኮምፒውተር ሲነሳ ብታዩት አያቴ ከበርጩማ ላይ ሲነሱ ያያችሁ ይመስላችኋል። መጀመሪያ ያስባል። ቀጥሎ ያቃስታል። ከዚያ ግማሽ ደርሶ ሐሳቡን ይቀይርና ተመልሶ ይቀመጣል። ከትምህርት ቤት ስገባ ቦርሳዬን ሳላወርድ ቁልፉን እጫናለሁ። ጫማዬን አወልቃለሁ፣ እግሬን እታጠባለሁ፣ ምሳዬን አሙቄ እበላለሁ፣ ሳህኔን አጥባለሁ፤ ስመለስ ስክሪኑ ላይ ያቺ ትንሽ ክብ አሁንም ትዞራለች። «ቤቶች!» ብላ ተጣርታ ማንም እንዳልከፈተላት እንግዳ ደጃፉ ላይ ትመላለሳለች።

ይህን የምጽፈው በዚያው ኮምፒውተር ነው። ሰውን ፊት ለፊቱ እንደማማት ስለሆነ ትንሽ ያሳፍራል። ግን ደስ ይላል! ዘንድሮ ካወቅኋቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁ፣ የደረሰብኝን ነገር ስጽፈው የእኔ እንደሚሆን ነው። ብቻዬን መሆኔን እንኳን ስጽፈው የራሴ ዕቃ ይሆናል፤ እንደፈለግሁ አገላብጬ አየዋለሁ።

ቤታችን አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ነው፤ ከጓሯችን ቁልቁል አባያ ሐይቅ ይታያል። አባቴ ዞን መሥሪያ ቤት ይሠራል፣ የሚገባው ሲመሽ ነው። እናቴ ነርስ ናት፤ ሥራዋ ደጋው ላይ ስለሆነ አባቷ፣ ማለትም አያቴ፣ ዘንድ እያደረች ቅዳሜ ቅዳሜ ትወርዳለች። የቀረችው እህቴ ነበረች፣ እሷም ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ደረሳትና ወደ ሰሜን፣ ብርድ አገር ሄደች። ብዙም አትበልጠኝም፤ ግን እናታችን ከትንሽነቴ ጀምራ አስለምዳኝ «እትዬ» ነው የምላት።

እሷ ከሄደች ወዲህ ከምሳ ሰዓት እስከ ማታ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና ኮምፒውተሩ ነን። ሰው ብቻውን ሲሆን ጆሮው ያድጋል። ጎረቤት ማንኪያ ሲወድቅ ይሰማኛል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ የማንጎው ፍሬ ቆርቆሯችን ላይ ዱብ ይላል፣ እኔም ሁልጊዜ ተነስቼ «ማነው?» እላለሁ። ማንም አይደለም። ማንም እንዳልሆነ እያወቅሁም እላለሁ፤ ምናልባት ድምፄን ልሰማው ፈልጌ ይሆናል።

ስለ ኮምፒውተሩ ልብስ መናገር አለብኝ፤ አዎ፣ ልብስ አለው። አያቴ ዶርዜ ናቸው፣ ሸማኔ ናቸው። ኮምፒውተሩ የተገዛልን ሰሞን ከደጋ ወርደው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሷ ይሄን ሁሉ የምታውቅ፣ ራቁቷን ታስቀምጣላችሁ?» አሉ። በእሳቸው አማርኛ ኮምፒውተር ሴት ናት፤ ማንም አላረማቸውም። ሲፒዩውን ቁመቱንም ወርዱንም በክንዳቸው ለኩ፣ አንድም ነገር ሳይጽፉ ሄዱ። ተመልሰው ሲመጡ እንደ ቡሉኮ የወፈረ፣ ጥለቱ ቀይና ቢጫና ጥቁር የሆነ፣ ልክክ ያለ ልብስ ይዘው መጡ። ለቁልፉ እንኳን እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ ተበጅቶለታል። ደጋ ላይ ሁሉም ነገር ይጠቀለላል፤ ሰውም፣ ቂጣም፣ የሚብላላው ቆጮም። አርባ ምንጭ ሙቀቱ ሰውን ቤቱ ውስጥ እንደሚቀቅል ለአያቴ የነገራቸው የለም። አባቴ ደግሞ አማች ነው። አማቱ በገዛ እጃቸው ሸምነው ያለበሱትን ዕቃ እንዴት አድርጎ ይገፋል? «እግዜር ይስጥልኝ አባባ» ብሎ ተቀበለ፣ ከዚያች ቀን ወዲህ እጁን ልብሱ ላይ አላሳረፈም።

አንድ እሁድ ማታ አባቴ የመሥሪያ ቤቱን ሪፖርት ሊጽፍ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ክቧ ዞረች። አባቴ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ አደረገ። ዞረች። በመጨረሻ ተነሳለትና መጻፍ ጀመረ፤ ገጹን ሳይጨርስ ሲፒዩው እንደ ወፍጮ ቤት ጮኸና ድርግም አለ። መብራት አልሄደም። ራሱ ነው የጠፋው።

አባቴ የሚቆጣ ሰው አይደለም፤ ሲናደድ ድምፁ ይቀንሳል። «ይሄ ዕቃ አርጅቷል» አለ ቀስ ብሎ። «ቅዳሜ ታች ሲቀላ ጠጋኝ ጋ አወርደውና ፎርማት አስደርገዋለሁ።»

«ፎርማት ከተደረገ እኮ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ አባዬ።»

«እሱ ነዋ ያደከመው። ሸክሙ ይቅለለው። የምትፈልጊውን በፍላሽ ገልብጪ።»

የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ዜናዎቹ። እትዬ እዚህ እያለች «የሰፈር ዜና» የሚባል ነገር ነበረን። እሷ ትጽፋለች፣ እኔ እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ጉሮሮዬን ጠርጌ አነባለሁ፣ ኮምፒውተሩ ይቀዳናል። «የጎረቤታችን ዶሮ ዛሬም ድንበር ጥሳ ወደ ጎመን ማሳችን ዘልቃ በመግባት ከፍተኛ ጉዳት ያደረሰች ሲሆን፣ ባለቤቷ በበኩላቸው ዶሮዋ ጨዋ ናት ሲሉ አስተባብለዋል።» ከዚህ በኋላ ቀረጻው ውስጥ የሚሰማው ሳቅ ብቻ ነው፤ ማይኩ ይወድቃል፣ እትዬ «አጥፊው! አጥፊው!» ትላለች፣ ማንም አያጠፋውም። ይሄ እንዲጠፋ አልፈልግም። ብቻዬን ስሆን የምሰማው እሱን ነው።

ሰኞ የአባቴን ፍላሽ ሰክቼ መገልበጥ ጀመርኩ። ግማሽ ሳይደርስ ኮምፒውተሩ ጮኸና ጠፋ። እንደገና አስነሳሁት፤ ክቧን ጠበቅሁ፣ ሞከርኩ፣ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ እንደ ሚኒባስ ከዳገቱ ሥር ስትመጣብኝ ታየችኝ። ስልኬን አንስቼ እትዬ ጋ ደወልኩ።

ከሄደች ወዲህ ስልካችን ይህን ይመስል ነበር። «ደህና ናችሁ?» «ደህና ነን።» «በላችሁ?» «በላን።» «ሌላስ?» ስትለኝ ቀኑን ሙሉ ሰብስቤ ያቆየሁት ወሬ ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። «ሌላ የለም።» «በይ ክላስ አለኝ፣ ቻው።» ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ወሬው አንድ በአንድ እየተመለሰ ይመጣብኛል፤ ያን ጊዜ ለማንጎው እነግረዋለሁ።

«እትዬ፣ ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ» አልኩ።

«አልነሳም ነው ወይስ እየተንፏቀቀ ይነሳል?»

«ይንፏቀቃል። አባዬ ቅዳሜ ፎርማት ሊያስደርገው ነው።»

«ያስደርገዋ። ምን አለበት?»

«ዜናዎቹስ?»

«የምን ዜና?»

ረስታዋለች። እኔ በየቀኑ የምሰማውን ነገር እሷ እዚያ ብርድ አገር ውስጥ ጥላዋለች። ከዚያ ከስልኩ ውስጥ ጩኸት መጣ። «ውይ የዶሮዋ! ‹ዶሮዋ ጨዋ ናት ሲሉ አስተባብለዋል!› በማርያም አለ እስካሁን? ኧረ እንዳይጠፋ! ስሚ፣ አንቺ ጩጬ፣ ፎርማት የሚባል ነገር እንዳትሰሚ። የምልሽን አድርጊ። አስነሺው።»

«ተጫንኩ።»

«እሺ። እስኪነሳ ድረስ ንገሪኝ እስቲ፣ ጎረቤት ምን አለ?»

ይገርማችኋል፣ ወሬው አልጠፋም! ክቧ እየዞረች፣ እኔ እየነገርኳት፣ ጎረቤታችን አዲስ ዶሮ እንደገዙና እሷም ከመጀመሪያዋ እንደባሰች፣ የሒሳብ መምህራችን በባጃጅ ሲመጡ ዝናብ ሳይዘንብ ጃንጥላ እንደሚዘረጉ፣ ሁሉንም ነገርኳት። እሷም የምትኖርበት ዶርም ውስጥ ልጆቹ ዳጣ ምን እንደሆነ እንደማያውቁ፣ እናታችን የላከችላትን አንዷ «የኛ አዋዜ ነው» ብላ በጣቷ ዝቃ ስትልስ እስከ ማታ ውሃ ስትጠጣ እንደዋለች ነገረችኝ። ሳቄን ጎረቤት የሰማኝ ይመስለኛል።

«ኧረ አሁንም አልተነሳም?» አለች።

«አልተነሳም። አየሽ? አንቺ እያለሽ ፈጣን ነበር።»

«እሱ? ፈጣን?» ሳቀች። «መቼ ፈጣን ሆኖ ያውቃል? ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። እስኪነሳ ድረስ እናወራለን፣ ተነስቶ እየጠበቀን እንኳን አናየውም ነበር እኮ።»

ይህን ስትል አባያን እያየሁ ነበር። ውሃው እንደ ወትሮው ቀላ ብሎ ተኝቷል። ኮምፒውተሩ ዘንድሮ የዘገየ የመሰለኝ ዘንድሮ ብቻዬን ስለጠበቅሁት ነው። አንዳንድ ነገር ሰው ሲነግራችሁ ቀድማችሁ የምታውቁት ይመስላችኋል፤ እንደዚያ ሆነብኝ።

ያን ዕለት አልዳነም። «ነገ እደውላለሁ» አለች። ሰምታችኋል? እሷ ነች እደውላለሁ ያለችው!

ማክሰኞ ደወለች። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረውት ተንጋግተው የሚነሱትን ፕሮግራሞች እንዴት እንደማስቆም እያነበበች ነገረችኝ፤ ከዶርም ጓደኞቿ አንዷን ጠይቃ ነው። የማስቆሚያውን ገጽ ስከፍት የሠርግ አጃቢ ነው የመሰለኝ። ዘፈን ማጫወቻ፣ መዝገበ ቃላት፣ ታይፕ ማስተማሪያ፣ የአጽዋማት መቁጠሪያ፣ ኖሮን የማያውቅ የፕሪንተር ፕሮግራም።

«ማነው ይሄን ሁሉ የጫነው?» አለች እትዬ።

«አንቺ!»

«እኔ?»

«‹ይሄ ቆንጆ ነው› እያልሽ ነዋ። ፕሪንተሩንስ? ‹አንድ ቀን ፕሪንተር ይኖረናል› ብለሽ።»

«አይ የእኔ ነገር፣ ተስፋ! ዝጊው እሱንም።»

አንድ አንዱን ዘጋሁ። መዝገበ ቃላቱ ጋ ስደርስ እጄ ትንሽ ቆየ፣ ምክንያቱም እሷ ናት ቃል ስትፈልግ በእሱ የምትፈልገው፤ ግን ዘጋሁት። ኮምፒውተሩ ቀለል አለው። ሳህኑን ማጠብ ሳያስፈልገኝ፣ ምሳ ላይ እያለሁ ተነሳ። ግን ትንሽ እንደቆየ ያው ወፍጮው ጀመረና ጠፋ።

«አልዳነም» አልኩ ለእትዬ፤ ድምፄ ውስጥ ደስታ እንዳይሰማ ተጠንቅቄ። አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ካልዳነ ነገም ትደውላለች። ግን ካልዳነ ቅዳሜ ዜናዎቹ ይጠፋሉ። አንድ ልብ ሁለቱንም እንዴት እንደሚይዝ አላውቅም፤ የእኔ ያዘው።

ረቡዕ ፈተና ነበረባት፤ አልደወለችም። ኮምፒውተሩን አስነስቼ ክቧን ብቻዬን አየኋት። ቀለል አለው ብያችሁ አልነበር? ዙሯ ግን ረጅም ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ደወለች። «ድምፁን አሰሚኝ» አለች። ስልኩን ሲፒዩው ጎን አስጠጋሁት። እንደ ሐኪም ዝም ብላ አዳመጠች።

«ይሄ እኮ የሚነፍስ ነገር ድምፅ አይደለም» አለች። «የታፈነ ሰው ነው። ምን ለብሷል?»

«የአባባን ልብስ ነዋ።»

«አሁን? እየሠራ?»

«ሁልጊዜስ ለብሶ አይደል?»

«ሳታወልቂለት ነው የምታስነሺው?» ጮኸች። «አንቺ ልጅ፣ በዚህ ሙቀት! እኔ እኮ ሳላወልቅለት አስነስቼው አላውቅም። አንቺ ሻይ ልታፈዪ ጓዳ ስትገቢ አወልቅ ነበር።»

«እኔ አላየሁም። ስመለስ የት ነበር ታዲያ?»

«ትከሻዬ ላይ!»

ትዝ አለኝ። በእርግጥም ትከሻዋ ላይ ነበር። ዜና ስንሠራ እንደ እመቤት ደርባው፣ አገጯን ወደ ላይ አድርጋ ትቀመጥ ነበር። ለማሳቅ የምታደርገው ነበር የመሰለኝ። እሷ ከሄደች በኋላ ዕቃው ንጹሕ ሆኖ ይቆይ ብዬ፣ ደግሞ አያቴን ማክበር ነው ብዬ፣ ጠርዙን ከታች ሳይቀር ሸጉጬ አለብሰው ነበር። በደንብ የያዝኩት መስሎኝ እያፈንኩት ነበር ማለት ነው።

«በይ ሶኬቱን ንቀይ» አለች። «መጀመሪያ ሶኬቱን! ከዚያ የጎኑን ክዳን ፍቺ፤ ካቻቢቴ የአባዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። ምን እንደሚታይሽ...»

ኔትወርኩ እዚያ ላይ ተቆረጠ። ደወልኩ፣ አልገባም። ደወልኩ። ያቺ የታወቀች ሴትዮ «የደወሉላቸው ደንበኛ» ብላ ጀመረችልኝ፣ ዘጋሁባት።

ሶኬቱን ነቀልኩ። ልብሱን አወለቅሁ፤ ውስጡ እንደ ትኩሳታም ሰው ብርድ ልብስ ይግላል። ክዳኑን በካቻቢቴ ፈታሁ። ውስጡ ያለውን ሳይ መጀመሪያ ወፍ ጎጆ የሠራች መሰለኝ። ማራገቢያው በጥጥ ተሞልቷል። የአያቴ ልብስ በእጅ የተፈተለ ስለሆነ ብናኝ ያረግፋል፤ ማራገቢያው ደግሞ ሲዞር፣ ሲዞር፣ ያን ብናኝ ከልብሱ እየሳበ ዘንጉ ላይ ጠምጥሞታል። የሴቻ ቀይ አቧራ ገብቶበት ዳማ ሆኗል። ዝም ብሎ የተከመረም አይደለም፤ ተፈትሏል። ኮምፒውተራችን በዚያ ሁሉ ጊዜ እያቃሰተ ጥጥ ሲፈትል ነበር!

ለብቻዬ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ሳቄ ግድግዳውን ነክቶ ተመለሰ፣ የሚቀበለኝ አልነበረም። በጣም የሚያስቅ ነገር አግኝቶ የሚነግሩት ሰው ማጣትን የሚያህል ብቸኝነት የለም። ከማልቀስ ይብሳል፤ ማልቀስ ለብቻ ነው የሚመቸው።

ሲፒዩው ፊት መሬት ላይ ተቀምጬ ቆየሁ። ጥጡን ካወጣሁት እንደሚድን አውቄዋለሁ። ከዳነ ደግሞ ነገ የምትደውልበት ምክንያት የለም። ተመልሰን ወደ «በላችሁ? በላን» ነው። ክዳኑን መልሼ ብገጥመውና ለእሷ «ምንም አላየሁም» ብላት፣ እስከ ቅዳሜ ሌላ አንድ ቀን አለኝ። ማንጎ ቆርቆሮው ላይ ወደቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ «ማነው» አላልኩም።

ከዚያ ዜናዎቹን አሰብኩ። በስልክ ያለችው እትዬ ክላስ አላት፣ ፈተና አላት፣ ኔትወርክ ይቆረጥባታል። ዜናው ውስጥ ያለችው እትዬ ግን የትም አትሄድም፤ «አጥፊው! አጥፊው!» እያለች እየሳቀች ትኖራለች። ሁለተኛዋን አሳልፌ ሰጥቼ ከአንደኛዋ ጋር አንድ ቀን ብጨምር ምን ይረባኛል? ደግሞ እሷው «ኧረ እንዳይጠፋ» ብላለች።

የቅንድብ መቆንጠጫዬን አመጣሁ። ክሩን ጫፉን ይዤ ስስብ ማራገቢያው ወደ ኋላ ዞረ፤ ስስብ፣ ሲዞር፣ ስስብ፣ ልክ ሰው ልቃቂት ሲተረትር። የቀረውን አቧራ በደረቅ የቀለም ብሩሽ ጠረግሁ። የወጣው ጥጥ እንቁላል አከለ። ክዳኑን ገጠምኩ፣ ሶኬቱን ሰካሁ፣ ተጫንኩ።

ቦርሳዬን እንኳን ለማንሳት አልደረስኩም። ክቧ ሁለቴ ዞራ ያቺ ሲነሳ የሚያሰማት ዜማ ቤቱን ሞላችው። ደነገጥኩ! እንደዚያ ጎላ ብላ ሰምቻት አላውቅም፤ ሁልጊዜ ጓዳ ወይም ውጭ ሆኜ ነው የምታልፈኝ። ማራገቢያው ድምፁ የለም ማለት ይቻላል። ፍላሹን ሰካሁ፣ ዜናዎቹን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ገለበጥኩ። ለእትዬ «ዳነ፤ ጥጥ ሲፈትል ነበር» ብዬ ቴክስት ላክሁ። ሲመሽ መለሰችልኝ፤ «ጎበዝ!!!» ሌላ የለውም። ሦስቱን ቃለ አጋኖ ደጋግሜ አየኋቸው።

ቅዳሜ እናቴ ከአያቴ ጋር ወረደች። አያቴ በነጠላቸው ጫፍ የጨንቻ ፖም ቋጥረው ነው የመጡት። አባቴ ሲፒዩውን ወደ ሲቀላ ሊወስድ ካርቶን አዘጋጅቶ ነበር፤ «አንዴ ሞክረው» አልኩት። ተጫነ። ዜማዋ መጣች። አባቴ መነጽሩን ሊያወልቅ እጁን አንስቶ ነበር፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

«ምን አድርገሽው ነው?»

«ልብሱን...» ብዬ ጀመርኩና አያቴን አየሁ። አባቴም አማቱን አየ፣ ከዚያ ወለሉን አየ። እናቴ ፖም ልታጥብ በድንገት ተነሳች።

አያቴ ግን ቀድመው አይተዋል። «እሷ ልብሷ የት ሄደ?» አሉ። «ማነው የገፈፋት?»

ሄጄ ያን የእንቁላል ያህል ጥጥ አምጥቼ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። «ከውስጧ ነው ያወጣሁት፣ አባባ። ከልብሱ እየሳበች ስትፈትል ነበር። ትንፋሽ አጥሯት ነበር።»

አያቴ ጥጡን ወደ መስኮቱ ወሰዱት። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሃል አሹት፣ ጫፉን ሳብ አደረጉት፣ ተበጠሰ። ሁላችንም ፍርድ እንጠብቃለን።

«ቸኩላለች» አሉ በመጨረሻ። «ክሩ ጥንካሬ የለውም። ግን ፈታይ ናት።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞር ብለው፣ «እሷ ሥራ ላይ እያለች ነው የምታለብሷት?»

«እኛ እኮ... አባባ ያለበሱትን...» አባቴ እንደ ተማሪ ተንተባተበ።

«ሸማኔ ሊሸምን ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ ጋቢውን አያወልቅም? ሥራ ላይ ይወለቃል፣ ሲያርፉ ይለበሳል። ይሄን የሚያህል ሰው፣ ይሄ ይነገራል?» አሉና ፖሙን ገመጡ። እናቴ ከጓዳ ስትስቅ ሰማኋት። አባቴም ሳቀ፣ ያ ሁሉ ጊዜ ያፈነው ሳቅ ነበር መሰለኝ። ካርቶኑን አጣጥፎ አልጋ ሥር ከተተው።

እሁድ ከሰዓት ሁለቱም ወደ ደጋ ተመለሱ። ሰኞ ስልኩ አልጮኸም። ማክሰኞም አልጮኸም። ኮምፒውተሩ ቁልፉን እንደነካሁት ይነሳል፣ እኔም ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ «እሺ፣ ምን ልሥራ?» ብዬ እቀመጣለሁ። ፈጣን ኮምፒውተር ቤት ውስጥ ያለ ብቸኛ ሰው ላይ ይፈጥንበታል። መጻፍ የጀመርኩት ያኔ ነው፤ ይህንኑ። ረጋ ብዬ ልብሱን አውልቄ፣ አጥፌ፣ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ እጽፋለሁ። ይሞቃል፤ ግን አገጭ ወደ ላይ ይላል።

ሐሙስ ዕለት ገና ከትምህርት ቤት እንደገባሁ ስልኩ ጮኸ። እትዬ ናት።

«ላይብረሪ ልገባ ነው፣ ብዙ ጊዜ የለኝም» አለች። ደህና ናችሁ አላለችም። በላችሁ አላለችም። «ስሚ፣ ኮምፒውተሩን አስነሺው እስቲ» አለች። «እስኪነሳ ድረስ እናውራ።»

ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ቁልፉን ተጫንኩ። ክቧ ብቅ አለች። ሁለቴ እንኳን ሳትዞር ያቺ ክፉ ዜማ ቤቱን ሞላችው፤ ጥርት ብላ፣ ከፍ ብላ። ሰሜን ድረስ ሳትሰማ አትቀርም።

ከስልኩ ውስጥ እሷ ያለችበት አገር የነፋስ ድምፅ ይሰማኛል።

«ተነሳ እንዴ?» አለች እትዬ።

«ገና ነው» አልኩ።

በአፍንጫዋ ሳቀች፤ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል የምታደርጋት ናት፣ ዜናው ውስጥም አለች።

«ይሄ ዕቃ መቼም አይሻለው» አለች። «ምን ይደረግ፣ እንጠብቀዋ። ቦርሳዬን ላስቀምጥና ልቀመጥ ቆይ... እሺ። አዲሷ ዶሮ እንዴት ናት?»

ነገርኳት። እሷም ነገረችኝ። ስክሪኑ ሁሉን ነገር ዘርግቶ፣ ቦግ ብሎ ጠበቀን። ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ አንዳችንም እንዳላየነው ሲገባው ራሱን አጨለመ።